አምስት መቶ ሃምሳ ስምንተኛው ፎቶ

ኦዲል ትንፋሿን ይዛ፣ እግሯን መርገጫው ላይ አሳርፋ፣ አሸዋው ላይ አፈጠጠች። ትናንት ከሰዓት በኋላ ትታው የሄደችው ወንበር ነበር፤ አራት እግር ያለው፣ ምንም የማያስደንቅ ወንበር። ዛሬ ወንበሩ አንድ እግሩን ጥሎ በሦስቱ ቆሟል። መቀመጫው ላይ ደግሞ ሐይቅ ተሸክሟል። ሞገድ ያለው፣ ዳር ዳሩን ሸምበቆ የበቀለበት ሐይቅ።

«ይሄ ልጅ ጤነኛ ነው?» አለች ለራሷ፣ ትንፋሿ አሸዋውን እንዳይበትነው ፊቷን ወደ ጎን አዙራ።

ክፍሉ የትምህርት ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ድሮ ፎቶ ይታጠብበት ስለነበር መስኮት የለውም፤ ግድግዳውም ጥቁር ነው። መሃሉ ላይ ከሥሩ መብራት ያለው የመስታወት ጠረጴዛ ተቀምጧል። መስታወቱ ላይ አሸዋ፣ ከአሸዋው በላይ ቁልቁል የሚያይ ካሜራ። አሸዋው በወፈረበት ይጠቁራል፣ በሳሳበት ያበራል። በጣት፣ በብሩሽ ወይም በማንኪያ ጀርባ ትንሽ ይገፋል፤ እጅ ይወጣል፤ መርገጫው ይረገጣል፤ ካሜራው አንድ ፎቶ ያነሳል። ከዚያ እንደገና ትንሽ ይገፋል። አሥራ ሁለት ፎቶ አንድ ሰከንድ ይሆናል። አዲሱን ሥዕል ለመሥራት አሮጌውን ማፍረስ ግድ ስለሆነ መመለስ የሚባል ነገር የለም። የፈረሰው የሚቀረው ፎቶው ውስጥ ብቻ ነው።

ሕጉን ያወጣችው የሥነ ጥበብ መምህርቷ ማዳም ፎርተን ናት። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይቧደናሉ። አንዱ ጠዋት ከትምህርት በፊት ሠላሳ ፎቶ ያነሳል፣ ሌላው ከትምህርት በኋላ ሠላሳ። ስለ ፊልሙ መነጋገር፣ ማስታወሻ መተው ክልክል ነው። ተረኛው የሚያየው የመጨረሻዋን ፎቶ ብቻ ነው፤ ከዚያች ተነስቶ የመሰለውን ይቀጥላል። በአሥራ ሁለት ቀን ሰባት መቶ ሃያ ፎቶ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ፊልም ይወጣል። አንድ ተማሪ ታዲያ ካልተነጋገርን እንዴት ነው የሚገጥመው ብሎ ሲጠይቃት ማዳም ፎርተን ትከሻዋን ሰበቀች። «ከተነጋገራችሁ ትስማማላችሁ» አለች። «ከተስማማችሁ ደግሞ አሰልቺ ይሆናል።»

ኦዲል መስማማት አሰልቺ መስሏት አያውቅም። እርሳሶቿን በርዝመታቸው የምትደረድር ልጅ ናት። ወደዚህ ነገር የገባችው ለሽልማቱ ነው። የሞንትሪያል ትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ አንደኛ የሚወጡት ሁለት ልጆች በሐምሌ ሁለት ሳምንት እውነተኛ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ከእውነተኛ አኒሜሽን ሠሪዎች ጋር ይሠራሉ። ያ ካልሆነ ሐምሌን የምታሳልፈው ከከተማ ውጪ፣ ሐይቅ ዳር ባለው የአባቷና የአዲሷ ሚስቱ ቤት ነው፤ ከትንኝና ከሦስት ዓመት መንትዮች ጋር።

ግራ የሚያጋባት ማክሰንስ ነበር። ማክሰንስ የቡድን ጓደኛዋ ነው፤ የጠዋቱ ተረኛ። በሒሳብ ደብተሩ ጠርዝ ላይ የሚሥለው መኪና ጫማ ነው የሚመስለው። የመጀመሪያው ቀን ሥራው አንድ ድብልብል ነገር ነበር፤ ኦዲል ፕላኔት ነው ብላ ዙሪያውን ቀለበት ሠራችለት። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ግን ልጁ ተለወጠ። እሷ የዘጋችውን እየከፈተ፣ ያቆመችውን እያስኬደ፣ ቀለበቱን ደረጃ እያደረገ ጠበቃት። መስኮት ሠርታ ስትሄድ በማግስቱ መስኮቱ እግር አውጥቶ ይጠብቃታል። ኦዲል ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ አልገባትም። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማት ትናደድ ነበር፤ አሁን ግን የመጨረሻው ደወል እስኪደወል መቀመጥ ያቅታታል። በየቀኑ ለማክሰንስ መልእክት ትጽፋለች፦ እንዴት አሰብከው? ከየት አመጣኸው? እሱ በአውራ ጣት ምልክት ይመልሳል። ሌላ ምንም።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ነገ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ተራ የእሷ ነው፤ ፊልሙን መዝጋት አለባት። ስለ ምን እንደሆነ የማታውቀውን ነገር እንዴት ትዘጋዋለች? ሐይቁን ደግማ አየችው። ከዚያ ሕጉን ጣሰች። ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ ስባ ከመጀመሪያው ፎቶ ጀምራ ሁሉንም ማየት ያዘች።

አንድ ጊዜ አሳለፈችው። ምንም አልገባትም። ሁለተኛ አሳለፈችው። መጨረሻው አካባቢ ስክሪኑ ለቅጽበት ጠቆር ብሎ የተመለሰ መሰላት። በሦስተኛው አንድ በአንድ እየነካች ሄደችና አምስት መቶ ሃምሳ ስምንት ላይ ቆመች።

ፎቶው ውስጥ እጅ አለ።

ይሄ የታወቀ ስህተት ነው። እግር ይቸኩላል፤ እጅ ሳይወጣ መርገጫው ይረገጣል። ሁሉም ላይ ይደርሳል። ፎቶው ይሰረዝና ሌላ ይነሳል፣ አለቀ። ይሄኛው ሳይታይ አልፏል። መብራቱ ከሥር ስለሆነ እጁ ጥቁር ጥላ ብቻ ነው፤ ከቀኝ በኩል የገባ፣ አጠር ያለ፣ ብሩሽ የያዘ። ማክሰንስ ጊታር ተጫዋች ነው፤ ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው። የዚህ እጅ ትንሿ ጣት ደግሞ ስኒ እንዳነሳች ወይዘሮ ወደ ውጭ ተጣማለች።

ኦዲል ያቺን ጣት ታውቃታለች። ስትሰበር አጠገቧ ነበረች። ስድስተኛ ክፍል ሳሉ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ፣ የልጅቷን የአንገት ልብስ ከኋላ ስባ የጣለቻት ራሷ ኦዲል ናት። ጣቷ ሲጠግን ተጣሞ ቀረ። ሁለቱም ለሳምንት ሲስቁበት ነበር።

የሶሌን ጣት ነው።

ከሶሌን ጋር ካወሩ ዓመት ሊሞላቸው ነው። አምና አብረው በሸክላ ጭቃ ፊልም ይሠሩ ነበር፤ መንገድ የሚሻገር ውሻ። አንድ ቅዳሜ ሶሌን ብቻዋን ገብታ ዘጠና አራት ፎቶ አነሳች። ሰኞ ኦዲል ስታየው ውሻው መንገዱን አልተሻገረም። መሃል መንገድ ተቀምጦ ቀስ በቀስ እየተፈታ፣ እየተዘረጋ፣ ራሱ መንገድ ሆኗል። ስምምነታቸው እንዲሻገር ነበር። ኦዲል ዘጠና አራቱንም አጠፋቻቸው። ሶሌን ስትመጣ የካሜራው ካርድ ተበላሽቶ ነው የጠፉት አለቻት።

ሶሌን ለረጅም ጊዜ አየቻትና «እሺ» አለች። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣችም። በመተላለፊያው ሲገናኙ አንዷ ስልኳን ታያለች፣ ሌላዋ ቦርሳዋን። ኦዲል፣ ሶሌን እውነቱን አውቃ ይሁን ሳታውቅ፣ እስከ ዛሬ አልገባትም። ልትጠይቅም አልደፈረችም።

ያን ቀን ሠላሳ ፎቶዋን እንዴት እንዳነሳች አታውቀውም። ምንም ስላልመጣላት ሐይቁ በወንበሩ እግሮች እየተንጠባጠበ እንዲወርድ አደረገች። እጅ ያለበትን ፎቶ በስልኳ አንስታ ወጣች።

*

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ማክሰንስ ብቻውን ጠረጴዛ ይዞ፣ ሥጋ፣ በቆሎና ድንች የተነባበረበትን የትምህርት ቤቱን ምግብ ይበላ ነበር። ኦዲል ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ስልኳን ከሳህኑ አጠገብ አኖረችለት።

«የማን እጅ ነው?»

ማክሰንስ ስልኩን አየ። ማኘኩን አቆመ።

«የኔ።»

«እስቲ እጅህን ዘርጋ።»

ሁለቱንም እጆቹን ጠረጴዛ ሥር ከተታቸው። «አቦ ኦዲል፣ ሰው እየበላ እኮ ነው።»

«ማክሰንስ።»

«እሺ በቃ። እሺ።»

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ራሱ ነው የሠራው። ፊት ሊሠራ አስቦ የወጣው ድንች ሆነበት፤ ሊያስተካክለው ሲሞክር ደግሞ ሰው የተቀመጠበት ድንች ሆነ። ኦዲል ፕላኔት ነው ብላ የሠራችለትን ቀለበት አስታወሰች። ሶሌን የምትኖረው ከእነማክሰንስ ቤት በላይ ባለው ፎቅ ነው፤ ጠዋት በአንድ ሜትሮ ነው የሚመጡት። ቡድኑን ለቆ ሊወጣ እንደሆነ ሲነግራት ከማን ጋር እንደሚሠራ ጠየቀችው። ነገራት። ከሁለት ፌርማታ በኋላ የክፍሉን ቁልፍ ስጠኝ አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ምድር ቤት የምትወርደው እሷ ናት። እሱ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

«ቢያንስ በጠዋት ተነስቻለሁ» አለ፣ ይህም እንዲያዝለት የፈለገ ይመስል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አትንገራት አለችኛ። አንቺ ደግሞ በየቀኑ እንዴት አሰብከው፣ ከየት አመጣኸው ስትይኝ...» ጆሮው ቀላ። «ምን ልበልሽ? ማንም እንደዛ ብሎኝ አያውቅም። ደስ አለኝ።»

ኦዲል ከትናንት ጀምሮ የምትናገረውን ስታዘጋጅ ነበር። ውሸታም ልትለው፣ ሁለታችሁም ተሳልቃችሁብኛል ልትለው። አሁን ንዴቷን ብትፈልገው የምታስቀምጥበት ቦታ አጣች። መናደድ ያለባት በማን ነው? ለአሥር ቀን ስታደንቅ የከረመችው ዘጠና አራት ፎቶዋን ያጠፋችባትን ልጅ ነው። ያው እጅ፣ ያው ዝብርቅርቅ። ያኔ አስጠላት፤ አሁን ደግሞ ደወል እስኪደወል መቀመጥ አቃታት። የተለወጠው ምንድነው?

«ስለኔ ምን ትላለች?»

«ምንም።» ማክሰንስ ሹካውን እያዞረ አሰበ። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቀኝ። ሁልጊዜ። ‹ያጠፋችው ፎቶ አለ?› ትለኛለች። እኔ ምን አውቄ፣ የለም እላታለሁ።»

ኦዲል ስልኳን ከጠረጴዛው አነሳች።

«ለምንድነው ግን እንደዛ የምትጠይቀው?» አለ ማክሰንስ።

«እኔንጃ።»

አፏ ከእሷ ቀድሞ ዋሸ።

ማክሰንስ ወደ ድንቹ ተመለሰ። ነገሩን ማካበድ አያስፈልግም አለ፤ አንድ ፎቶ ናት፤ ጠፍታ ሌላ ቢለጠፍባት ማንም አይባንንም፤ ሽልማቱም አያመልጥም። «የኔን ስም እንደፈለግሽ አድርጊው» ብሎ ጨመረ። «በልቼ ልጨርስ ብቻ።»

ከትምህርት በኋላ ኦዲል ማዳም ፎርተንን ብሩሽ ስታጥብ አገኘቻት። ለምሳሌ አንድ ቡድን ውስጥ ሦስተኛ ሰው ቢገባ ምን ይሆናል ብላ ጠየቀቻት። ማዳም ፎርተን ውኃውን ሳትዘጋ መለሰችላት። ውድድሩ የሁለት ልጆች ነው። ቅጹ ላይ ያለው መስመር ሁለት ነው፤ ሦስተኛ እጅ ያለበት ፊልም ቅዳሜ ከሌሎቹ ጋር ለሕዝብ ይታያል፤ የሚታየው ግን ከውድድር ውጪ ነው። ዳኞቹ ደግሞ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ነው የሚያዩት።

«ለምሳሌ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ። ለምሳሌ።»

ማዳም ፎርተን እጇን አደራርቃ ከመሳቢያዋ አንድ ወረቀት አወጣችና ሰጠቻት። የእሷና የማክሰንስ ስም ያለበት ቅጽ ነበር። «ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ነው የሚላከው። እስከዛ አንቺ ዘንድ ይቆይ» አለችና ወደ ብሩሾቿ ተመለሰች።

*

ምድር ቤቱ ሞቋል። ኦዲል እንደ ሁልጊዜው የማሞቂያውን አየር ማውጫ በካርቶን ከደነች፤ ካልተከደነ አሸዋውን ያንቀሳቅሰዋል። መብራቱን አበራች።

ትናንት ያንጠባጠበቻቸው ጠብታዎች ዛሬ እያንዳንዳቸው ትንሽ ወንበር ሆነዋል። ሃያ የሚሆኑ፣ ባለ ሦስት እግር፣ እያነከሱ ወደ መስታወቱ ዳርቻ የሚሄዱ ወንበሮች። አንዳንዶቹ ግማሽ አካላቸው ወጥቷል። ወዴት እንደሚሄዱ አይታወቅም።

ኦዲል መዝጊያውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ አስባበት ነበር። ሁሉም ነገር ተሰብስቦ ያንኑ ፕላኔት ይሆናል፤ ፊልሙ በተነሳበት ያበቃል። ንጹሕ አጨራረስ ነው፤ ዳኞች ይወዱታል። አሁን ድንች መሆኑን አውቃለች።

ኮምፒውተሩ ላይ አምስት መቶ ሃምሳ ስምንትን ከፈተች። መሰረዣውን ነካችው። ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ከሥሩ አዎ እና አይ።

ቀላል ነው። ከፊቱ ያለውን ፎቶ ገልብጣ ቦታው ላይ ብትለጥፈው የሰከንድ አሥራ ሁለተኛ ነው የሚጎድለው። ማንም አያውቅም። እንዴት እንደሚደረግ በደንብ ታውቃለች፤ ከዚህ በፊት ዘጠና አራት ጊዜ አድርጋዋለች። ያኔ ጣቷ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራጠረም።

የስቱዲዮውን ሁለት ሳምንት አሰበች። ትንኞቹን አሰበች። መንትዮቹ አፍንጫቸውን በሸሚዟ ሲጠርጉ ታያት። ከዚያ ሶሌንን አሰበች፤ በየጠዋቱ ማክሰንስን ያንኑ ጥያቄ ስትጠይቀው። ለምን ተመለሰች? እጇን ሆን ብላ ይሆን እዚያ የተወችው? ወይስ ቸኩላ ነው? ልትፈትናት ነው? ወይስ ናፍቃት? ልትበቀላት ከሆነ ሐይቅ የተሸከመ ወንበር ምን ዓይነት በቀል ነው? የትኛውንም አላወቀችም። የማታውቀው ነገር ሲበዛባት እንደምታደርገው፣ በወረቀት ልትዘረዝረው ፈለገች። ዝርዝር የሚወጣው አልሆነም።

«አይ» የሚለውን ነካች።

ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ከሁለቱ ስሞች ሥር በማስመሪያ ሦስተኛ መስመር አሰመረች። ባዶውን ተወችውና ከኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀመጠችው። ማስታወሻ መተው ክልክል ነው፤ መስመር ግን ማስታወሻ አይደለም።

ከዚያ ሥራዋን ጀመረች። ከሚሄዱት ወንበሮች አንዷን መረጠች፤ መጨረሻ ላይ ያለችውን፣ በጣም የምታነክሰውን። በማንኪያው ጀርባ ትንሽ ገፋቻት። ረገጠች። ትንሽ አዞረቻት። ረገጠች። በአምስት ፎቶ ወንበሯ ቆመች፣ ዞረችም። ቀጥሎ ምን እንደምትሆን ኦዲል አላወቀችም። ለመጀመሪያ ጊዜ አለማወቋ አላስቸኮላትም።

ኦዲል ግራኝ ናት። ግራ እጇን በመስታወቱ ላይ ዘረጋች፤ አሸዋውን ሳትነካ፣ ከወንበሯ ትንሽ ከፍ አድርጋ። ክንዷ እስኪዝል ያዘችውና መርገጫውን ረገጠች።

ስክሪኑ ላይ ስድስት መቶ ዘጠና ስድስተኛው ፎቶ ወጣ። ጥቁር እጅ፣ ከግራ የገባ፣ ጣቶቹ የተዘረጉ። ተበላሽቷል። ነገ ጠዋት የሚመጣው ሰው የሚያየው የመጨረሻው ፎቶ ይሄ ነው።

መብራቱን አጠፋች፣ ካፖርቷን ለበሰች፣ በሩን ቆለፈች። ደረጃው ላይ ቆማ ለማክሰንስ ጻፈችለት፦ «ነገ ጠዋት ቁልፉን ስጣት። ሃያ አራት ፎቶ ይቀራል።»

አውራ ጣት መጣላት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፦ «ያቺን ፎቶ አጠፋሻት?»

«አላጠፋሁም» ብላ ጻፈች። አንድ ደረጃ ወጣችና እንደገና ቆመች።

«ስትጠይቅህ ንገራት። ካርዱም ያኔ አልተበላሸም ነበር በላት። አይ፣ ተወው። እሱን እኔ እነግራታለሁ።»